ባሕር ዳር ሲዘፈን ፋብሪካው የት ገባ?

ስለ ባሕር ዳር የተዘፈነ ዘፈን ክፈቱና አድምጡ። ጣና ይመጣል። ዘንባባ ይከተላል። ታንኳ አይቀርም፣ ጢስ ዓባይም አይቀርም። መካከሉ ላይ አንዲት ቆንጆ አለች፤ አመሻሹ ላይ በሐይቁ ዳር ወክ ታደርጋለች። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው። መጣ፣ አየ፣ ልቡ ቀረ፣ ነገ ይሄዳል። ክሊፕ ካለው ካሜራው ከሰማይ ሆኖ ነው የሚያየን። ሐይቁ፣ ጎዳናው፣ አሁን አሁን ደግሞ አዲሱ ድልድይ ከነመብራቱ።

እነዚህን ዘፈኖች አልጠላም። ሠርግ ላይ ሲከፈቱ ወንበር ላይ አልቀርም። ግን እዚህ ለምንኖር ሰዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አላቸው፤ ውስጣቸው ሥራ የሚሠራ ሰው የለም። ዓሣ እንኳ ተጠብሶ ሲበላ ነው እንጂ ሲጠመድ አይታይም። ይህቺ መንደር ግን ከተማ የሆነችው ለሽርሽር አልነበረም። ጨርቅ እንድታመርት፣ መብራት እንድታመነጭ፣ ቴክኒሻን እንድታሠለጥን ተብሎ ነው።

ጉዳዩ የሙዚቃ ጣዕም ብቻ ቢሆን ማኪያቶ ላይ አውርተን እንተወው ነበር። አሁን ግን ባሕር ዳር እንደገና እየተሠራች ናት። የሐይቁ ዳር እየተከፈተ፣ መንገዱ እየሰፋ፣ የኮሪደር ልማቱ እየገፋ ነው። እየተሠራች ያለችውን ከተማ ሳያት ዘፈኑ ውስጥ ያለችውን ትመስለኛለች። ለእንግዳ ዓይን የተሰናዳች፣ ውሃ ዳር የተቀመጠች፣ ሥራዋ መታየት የሆነ። እኔ የምለው ይህ ነው፦ በዚህ አገር የተዘፈነለት ነገር ተሟጋች ያገኛል፤ ያልተዘፈነለት ማንም ሳያየው ያረጃል። እዚህ ከተማ ሐይቁ ተዘፍኖለታል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አልተዘፈነለትም።

ካሳው ጨርቅ ሆነ

ባሕር ዳር ጥንት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። ጣና ያኔም ነበር። ውበቱም ያው ነበር። ውበቱ ብቻውን ግን ከተማ አላደረጋትም።

ከተማ ያደረጋት ነገር የሚጀምረው በጦርነት ካሳ ነው። ጣሊያን ለወረራው ካሳ ለመክፈል በ1948 ዓ.ም. ተስማማች። መጠኑ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ሌላው ክፍል ወደ እኛ መጣና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሆነ። ጊዜው 1953 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቦምብና መርዝ ያወረደብን መንግሥት ዕዳውን በድርና ማግ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ከተማ ዘፈን ያጣች አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን እየሳበ መጣ። ፋብሪካ ኃይል ይፈልጋል፤ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፣ ኃይሉም ለፋብሪካው ደረሰ። ፋብሪካ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶ ጨርቃ ጨርቅን ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎች አንዱ አደረገ። ዛሬም ግቢውን «ፖሊ» ነው የምንለው። ሰው ሲበዛ ፕላን ያስፈልጋል፤ የጀርመን ባለሙያዎች በዚያው ዘመን የከተማውን ማስተር ፕላን ነደፉ። ዘፋኞች የሚወዱት ዘንባባ የተደረደረበት ሰፊ ጎዳና እንኳ የዚያ የፕላን ዘመን ልጅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር እየተባለም ይወራል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ወሬውን እስከ ዛሬ ያሞቀዋል።

ብስክሌቱም የዚያ ዘመን ነገር ነው። ሜዳ ከተማ፣ ሰፊ መንገድ፣ በሰዓቱ ሥራና ትምህርት የሚገባ ሕዝብ። ለሦስቱ የሚስማማ ከብስክሌት ሌላ ምን አለ? እንግዳ ሲያየው ለመዝናናት የሚነዳ ይመስለዋል። ሠራተኛው ግን ፈረቃ እንዳያልፈው ነበር የሚረግጠው።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. መካከል ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛው አካዳሚ ተጨመረ፤ እሱም «ፔዳ» ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ግቢዎች በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የክልሉ መንግሥት መቀመጫም እዚሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቢሮው፣ ሆቴሉና ግቢው ከፋብሪካው በልጠው ታዩ። ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ተባለ እንጂ ከቦታው አልተነሣም። የከተማው ልብ ግን ከሱ ተነሣ። ልጅ ሳለን «የት ነው የምትሠራው?» ሲባል «ጨርቃ ጨርቅ» ማለት ኩራት ነበር። ዛሬ ወጣቱን ብትጠይቁት ፋብሪካው የት እንዳለ ከመናገሩ በፊት ትንሽ ያስባል።

የጢስ ዓባይ ጢስ የት ሄደ?

ፏፏቴው ላይ ትንሽ ልቆይ። የዘፈኑን ከተማና የሥራውን ከተማ እንደሱ ጎን ለጎን የሚያሳይ ነገር የለም።

ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዘፈን ሁልጊዜ ይጨሳል፤ ሁልጊዜ ይጮኻል። እውነታው ሌላ ነው። መጀመሪያ የተተከለው ማመንጫ ትንሽ ስለነበር ውሃውን ብዙም አልነካውም። በ1988 ዓ.ም. የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው አናት ላይ ብዙ ውሃ ወደ ተርባይን ዞረ። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ መጣ፤ 460 ሜጋ ዋት። የእሱ ውሃ ወደ ዓባይ ሳይሆን በዋሻ ወደ በለስ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ በበጋ ፏፏቴውን ለማየት የሄደ ሰው ቀጭን ውሃ አይቶ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ክረምት ላይ ከሄደ ዘፈኑን ያገኘዋል። አሮጌዋን የ1 ብር ኖት የምታስታውሱ በጀርባዋ ላይ ይኸው ፏፏቴ ከወፎች ጋር ተስሎ እንደነበር አትረሱም። ብሯ በሳንቲም የተተካችው ጣና በለስ በተመረቀበት ሰሞን ነው። አጋጣሚ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን ፏፏቴው ከኪሳችንም ከገደሉም አንድ ላይ የሳሳ ይመስላል።

ይህን የምለው ማመንጫውን ለመውቀስ አይደለም። ዘፈኑ የተቀዳበት ስቱዲዮ የሚሠራውም በመብራት ነው። ችግሩ ዘፈኑ የልውውጡን አንድ ወገን ብቻ መያዙ ነው። ውሃው ምን እንደተገዛበት የሚነግረን ስንኝ የለም።

ማንችስተር ሲያንጎራጉር

የእንግሊዟን ማንችስተር አብዛኛው ሰው በእግር ኳስ ነው የሚያውቃት። ከኳሱ በፊት ግን የጥጥ ከተማ ነበረች። ኢርዌል የሚባል ወንዝ አላት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወንዙና በቦዮቹ ዳር ፋብሪካው ተኮልኩሎ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ከከተማ ከተማ መንገደኛ የሚያመላልስ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1830 ከሊቨርፑል ጋር ያገናኘው እሷን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥጡ ንግድ እየወረደ ሄደ፤ በጊዜ ብዛት ፋብሪካዎቹ ተዘጉ።

እዚያ ግን ፋብሪካው ዘፈን ውስጥ ገባ። ገና በደጉ ዘመን የሸማኔዎች ዘፈን በነጠላ ወረቀት እየታተመ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። ከተዘጉ በኋላም ልጆቹ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ዝናቡ መዝፈን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1978 እዚያው የተቋቋመ የሙዚቃ አሳታሚ ስሙን በቀጥታ «ፋብሪካ» ነው ያለው። የዓለም ወጣት የጨፈረበትን ሙዚቃ ያወጣው ያ አሳታሚ ነው። አስቀያሚውን ነገር አልደበቁትም፤ መለያቸው አደረጉት። ዛሬ እነዚያ የጡብ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ቆመዋል። ለማፍረስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ከዘፈኑ ጋር መጣላት አለበት።

እኛ ማንችስተር እንሁን አላልኩም። የእኛ ፋብሪካ አንድ ነው፤ የእነሱ መቶዎች ነበሩ። የእነሱ ሠራተኛ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ኖሯል። የእኛ ሠራተኛ ግማሽ እግሩ ገጠር ነው፤ ለመኸር ፈቃድ ጠይቆ የሚሄድ፣ ጤፉ ከቤተሰብ የሚመጣለት። ቢሆንም ስድሳ ዓመት ቀላል ዕድሜ አይደለም። በስድሳ ዓመት አንድ ዘፈን ይጠፋል?

ለምን አልተዘፈነም

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው። ዘፈኑ የሚቀዳው አዲስ አበባ ነው። ገጣሚውም፣ አቀናባሪውም፣ ስቱዲዮውም እዚያ ነው። ባሕር ዳር ለእነሱ የጫጉላ ሽርሽር ወይም የስብሰባ ከተማ ናት። ሰው የሚያየውን ነው የሚዘፍነው፤ ከሆቴል በረንዳ ደግሞ ፋብሪካ አይታይም።

ሁለተኛው ጠለቅ ይላል። የእኛ ዘፈን መለየት ይወዳል። የሚሄድና የሚቀር ሰው ከሌለ ዜማው አይወጣም። ድሬዳዋን ተመልከቱ። ድሬም ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራት። በዘፈን የምናውቃት ግን በባቡሯ ነው። ባቡር ይሄዳል፣ ይጮኻል፣ ሰው ይለያያል። ጀልባም እንደዚያው። ፋብሪካ ግን የትም አይሄድም። ሠራተኛው ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል፣ ነገም ይመለሳል። ናፍቆት የለውም፤ ድካም ነው ያለው። ለድካም የሚሆን ዜማ አገር ቤት ነበረን። ሲታጨድ ይዜማል፣ ሲወቃ ይዜማል፣ እናቶች ወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩ ነበር። የሰፈር ሸማኔም መወርወሪያውን እየወረወረ ማንጎራጎር ይችላል። የፋብሪካው ሽመና አዳራሽ ውስጥ ግን ማሽኑ ሲነሣ የጎንህን ሰው እንኳ አትሰማም። እንግሊዝ አገር የሸማኔ ሴቶች በከንፈር እንቅስቃሴ ያወሩ ነበር ይባላል፤ ጩኸቱ ሌላ ምርጫ ስላልሰጣቸው። ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ደግሞ ዘፈን አይበቅልም። ከበቀለ ከበሩ ውጭ ነው።

ከበሩ ውጭ በቅሎ ነበር ብዬ አስባለሁ። የደመወዝ ቀን ማታ አዝማሪ ቤቱ ይሞላ እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ። አዝማሪ ቤት ደግሞ ደንቡ የታወቀ ነው፤ «ተቀበል!» ይላል እንግዳው፣ ግጥሙን ያቀብላል፣ ባለ ማሲንቆው ያዜምለታል። ከፈረቃ የወጣ ሰው ምን ግጥም ያቀብላል? ስለ አለቃው ነዋ። ስለ ቅጣቱ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃዋ ልጅ፣ ስለተቆረጠችው ብር። ያ ሁሉ በዚያው ሌሊት አልቋል። ካሴት የያዘ ሰው አልነበረም። አዝማሪ ደግሞ ነገ ለሌላ እንግዳ ሌላ ግጥም ያወርዳል፤ ሥራው ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቀበሌውም፣ ፋብሪካውም፣ የጦር ክፍሉም የኪነት ቡድን አቋቋመ። ስለ ሠራተኛ መዝፈን ግዴታ ሆነ። መዶሻው፣ ክንዱ፣ ላቡ፣ ድሉ። ግን የተዘፈነለት ሠራተኛ ፖስተር ላይ ያለው ነበር። ስም የለው፣ ሚስት የለው፣ ዕዳ የለው። ሥርዓቱ በ1983 ሲወድቅ እነዚያ ዘፈኖች አብረው ተጣሉ። ማንም አልናፈቃቸውም፤ እኔም አልናፍቃቸውም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሠራተኛ መዝፈን ራሱ የካድሬ ሥራ መሰለ። ዘፋኞቻችን ወደ ጣና ዳር ሸሹ።

አንድ ምክንያት ቀረ፤ ይህኛው ያሳፍራል። በእኛ ባህል የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ክብር አልነበረውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁሉም ተሰድበዋል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲታረም አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ የሚያሳየው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ነው። ጌጡን እንወዳለን፤ ሠሪውን አንጠራም።

ታንኳው ጥሩ ምስክር ነው። ጣና የሚጠራበት ዘፈን ላይ ታንኳ አይጠፋም። ሸሚዝ ላይ ይታተማል፣ የሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚሠራው ማን ነው? ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ውሃ ላይ የሚያቆመው? ለዚህ ሥራ ከጥንት የሚታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። ከተማው ባደገ ቁጥር ከውሃው ዳር እየተገፉ፣ በጎረቤት እየተናቁ ኖረዋል። ዘፈኑ ታንኳውን ወሰደ። ሰዎቹን ትቷቸው አለፈ።

የተዘፈነለት ሲታመም

ጣና ላይ እምቦጭ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አረሙ እየሰፋ ሲሄድ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ዘፈኑም፣ ግጥሙም፣ ዘመቻውም ጎረፈ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ) ብለው ውሃው ውስጥ ገብተው አረም ነቀሉ። ብዙዎቹ ጣናን ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ይሆናል። በዘፈን ግን ያውቁታል። ስለዚህ መጡ።

አረሙ በዚያ አልጠፋም፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የእኔ ነጥብ ሰዎቹ መምጣታቸው ነው።

አሁን ፋብሪካውን አስቡ። የአገራችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚያማቸው በሽታ የታወቀ ነው። ጥጥ ይጠፋል። መለዋወጫ የሚገዛበት ዶላር ይጠፋል። ማሽኑ ያረጃል። ገበያው በሰልባጅና ከውጭ በገባ ርካሽ ጨርቅ ይሞላል። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከምትልክበት አጎዋ ስትወጣ አዲሶቹ የኢንዱስትሪ ፓርኮችም ተንገዳገዱ። እኛም ጋ አንድ ፓርክ አለ፤ መንገደኛ አጥሩን አይቶ የሚያልፈው። ለዚህ ሁሉ «ፋብሪካ ኬኛ» ያለ ሰው የለም። የባሕር ዳር አንሶላ ያልተነጠፈበት ቤት ስንት ነው? ግን አንሶላውን የሚያውቅ ሁሉ ፋብሪካውን አያውቀውም።

ፋብሪካውን መልአክ ላድርገው አልፈልግም። ፍሳሹ ወደ ዓባይ መግባቱ ተመራማሪዎች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። ደመወዙ ሁልጊዜ አያጠግብም ነበር። ብናኙ ሳንባ ይበላል። ጥሩ ዘፈን ይህን ጭምር ነበር የሚይዘው። ቅሬታ ያለበት ዘፈን ከሙገሳው የበለጠ ዕድሜ አለው።

የእይታ ከተማ ሲራብ

ወደ ዛሬው ልመለስ። ከ2012 ጀምሮ በባሕር ዳር ላይ የወረደውን ቁጠሩ። ኮሮና መጣ፣ ጎብኚ ቀረ። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፣ ጎብኚ ቀረ። ሐምሌ 2015 ላይ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔቱ ለረጅም ጊዜ ጠፋ፣ መንገዱ አስፈሪ ሆነ፣ ማታው አጠረ። ጀልባው ታስሮ ዋለ። አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፈለገ። አዝማሪ ቤት ደግሞ የማታ ሥራ ነው፤ ማታ ከሌለ እሱም የለም።

ዘፈኑ ውስጥ ያለችው ከተማ የምትኖረው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳው ሲቀር ምን ትበላለች? ጀልባው ከታሰረ በኋላ ሰውን ያቆየው ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ነው፤ የቢሮው፣ የግቢው፣ የቀረው የፋብሪካ ሥራ። እነዚህ በክሊፕ አይታዩም።

ታዲያ እያየነው ያለው ግንባታ በአብዛኛው ለየትኛዋ ከተማ ነው? በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። ያስፈልገን ነበር። ስድሳ ዓመት ገደማ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ከዓባይ ማዶ የሚመላለሰውን ሰው መሸከም አቅቶት ነበር። ስለዚህ ድልድዩ የሥራ ድልድይ ነው። ዘፈኑ ግን በምረቃው ሰሞን ወስዶ የመብራት ትርኢት አደረገው። ሙሽሮቹም ተከተሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ድልድዩን የሞላው ሙሽራ አይደለም። ምሳውን በፌስታል የያዘ ሰው ነው።

የሐይቁ ዳር መከፈቱም ደስ ይለኛል፤ ለዓመታት በግቢ አጥር ተዘግቶብን ነበር። ቅሬታዬ ገንዘቡና ትኩረቱ ሁሉ ወደ ዳሩ ሲያደላ ነው። ከዳሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ሲባል ከተማዋ የሌለች ይመስላል። የፋብሪካው ሰፈር አስፋልት፣ የፈረቃ ሠራተኛ ትራንስፖርት፣ ሌሊት የምትወጣ ሴት የምትሄድበት መንገድ መብራት፤ እነዚህ «ውብ ከተማ» በሚለው ሪፖርት ውስጥ ቦታቸው የት ነው? መብራት ካነሣን አይቀር፣ ዘንባባው በቀለም አምፖል ተጠቅልሎ ሲያበራ ከጀርባው ያለው ሰፈር ጨለማ ሲሆን አይተናል።

ማን ይጨፍርበታል?

አንዳንዱ ይስቃል። «ስለ ማሽን ተዘፍኖ ማን እስክስታ ይወርዳል?» ይላል። ስለ ባቡር ተዘፍኖ ስንጨፍር ኖረናል እኮ። ስለ መኪናም፣ ስለ ስልክም ተዘፍኗል። ፋብሪካ ደግሞ ማሽን ብቻ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ የገባች ሚስትና የቀን ፈረቃ የሚገባ ባል በር ላይ ሲተላለፉ ለሰምና ወርቅ ከዚህ የተመቸ ነገር አለ? ድፍረቱን ሰጥታችሁኝ አንድ ልሞክር፦

እጇ የሰው አንሶላ ሲሸምን አደረ፣
የገዛ አልጋዋ ሳይነጠፍ ነበረ።

አዝማሪ ቢሰማኝ ማሲንቆውን አስቀምጦ ይስቅብኛል። እሺ ይሳቅ። ከዚያ ግን የተሻለውን ያውርድልን።

የሚያወርድበት ቦታ አለ። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል እዚሁ ከተማ ነው፤ የሙዚቃና የቴአትር ሰዎች አሉት፣ መድረክ አለው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለው፤ ፖሊ የጀመረውን ትምህርት እስከ ዶክትሬት አድርሶታል። አንዱ ካንዱ ጋር በባጃጅ ይገናኛል። የጎደለው በጀት ነው እንዳይባል፣ ለመጀመሪያው ሥራ የሚበቃው አንድ ስልክ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ማቀናበር አይደለም፤ መቅዳት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ዛሬ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም መስጊድ ጥግ፣ ወይ ደግሞ ጡረታ መቀበያው ሰልፍ ላይ ይገኛሉ። ስለ ምርት ኮታ አትጠይቋቸው፤ እሱን በፋይል ታገኙታላችሁ። እኔ ብሆን በዚህ እጀምራለሁ፦ «እማማ፣ ደመወዝ የተቀበላችሁ ማታ አዝማሪው ስለ አለቃችሁ ምን ብሎ ነበር? ግጥሙን ያቀበለውስ ማን ነበር?»